እመት አህይትና የዓሦቹ ማጣሪያ

አንድ ጊዜ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ቀርቶ በጋው በበጋ ላይ በተደረበበት ዓመት፣ እመት አህይት የምትባል አህያ ከአንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ትኖር ነበር። ስሟን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እመት መባሉን ግን ትወደዋለች። ጀርባዋ ሰፊ ነው፣ ልቧ ደግሞ ከጀርባዋም ይሰፋል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ ተሸክመው ካመላለሱ ይፈታል ብላ ታምናለች። ራብ መጣ? ገለባ መሸከም ነው። ብርድ መጣ? እንጨት መሸከም ነው። ጎረቤት አዘነ? ቢቻል እሱንም እስኪስቅ ድረስ አዝሎ መዞር ነው!

ሸለቆው ውስጥ የሚወርደው ወንዝ በዚያ ዓመት ደርቆ ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀረችው። በኩሬዋ ውስጥ ቆሮሶ የሚባሉ ጠፍጣፋ ዓሦች ይኖሩ ነበር። እመት አህይት እነዚህን ዓሦች ትወዳቸዋለች። ለምን ብትሉ፣ ውኃ ልትጠጣ አፏን ስትነክር ከንፈሯ ላይ የተጣበቀውን ገለባ እየለቀሙ፣ «እንደምን አደርሽ? ጀርባሽን ተሻለሽ?» ይሏታል። እስቲ ልብ በሉ፤ አህያን ጀርባሽን ተሻለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ሌላው ሁሉ የሚጠይቃት ምን ያህል ትችያለሽ እያለ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስትወርድ ኩሬዋ ሰኮናዋን እንኳ የማትሸፍን ሆና አገኘቻት። ዓሦቹ በጎናቸው ተኝተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሁሉም ታላቅ የሆነችው እመት ቆሮሲት ቀና ብላ፣

«እትዬ አህይት፣ እንግዲህ ደህና ሁኚ» አለቻት። «ክረምቱ ሩቅ ነው። እኛም ከነገ የምናልፍ አይመስለኝም። ለደግነትሽ እግዜር ይስጥልን።»

«የምን ደህና ሁኚ ነው!» አለች እመት አህይት፤ ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ። «ጀርባዬ እያለ? ምን ሲደረግ!»

ወዲያው እየጋለበች ወጥታ ሁለት ማድጋዎቿን በቃጫ ገመድ ግራና ቀኝ አንጠልጥላ ተመለሰች። ዓሦቹን ከቀረችው ውኃ ጋር አንድ በአንድ በቅል እየጨለፈች ማድጋዎቹ ውስጥ ከተተቻቸው። ቅሉን በምን ያዘችው አትበሉኝ፤ በጥርሷ ነው። ከዚያ ቀስ እያለች፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ፣ ዳገቱን ይዛቸው ወጣች።

ከቤቷ አጠገብ በገደል ጥላ ሥር ዝናብ ለዘመናት ጠርቦ ያበጃት አንዲት የድንጋይ ገንዳ ነበረች። ጥልቅ ናት፣ ጥላው ያቆየላት ውኃም አላት፣ ጠርዟም ያሟልጫል። ዓሦቹን እዚያ ለቀቀቻቸውና፣

«ክረምቱ ገብቶ ወንዙ እስኪሞላ የእኔ እንግዶች ናችሁ» አለቻቸው። «ምንም እንዳይጎድልባችሁ። ቤታችሁ ነው።»

ዓሦቹ በደስታ ጅራታቸውን አወራጩ። ምን ያድርጉ፤ ገና ምን እንደሚጠብቃቸው አላወቁም።

እመት አህይት እንግዳ ስትቀበል እንዲህ በዋዛ አይደለም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የገንዳውን ውኃ ሙልጭ አድርጋ ጨልፋ ደፋችው። ለዓሦቹ ብላ በማድጋ ጥቂት ውኃ ብቻ አስቀርታላቸዋለች። ከዚያ የገንዳውን ግድግዳ በሻካራ ሣር እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገችው። ከዚያ ደግሞ ከተራራው ማዶ ከምንጭ በረዶ የመሰለ ውኃ ቀድታ፣ ሽቅብ ወጥታ፣ ቁልቁል ወርዳ ሞላችው። ዓሦቹን ከነሙቀታቸው በብርዱ ውስጥ ጨመረቻቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«እትዬ አህይት» አለች እመት ቆሮሲት እየተንቀጠቀጠች፣ «ይኼ ይበቃናል። አትድከሚ። ነገ አትለውጪው።»

«ምን ይበቃል! ገና ምኑን አይታችሁ!»

«ኧረ እውነቴን ነው፣ የትናንቱ ውኃ ተስማምቶን ነበር…»

«በሞቴ! አፈር ስሆን! አንድ ማድጋ ብቻ ልጨምር!»

እንግዲህ በሞቴ ለተባለ እንግዳ ምን መልስ አለው? እናንተም ታውቁታላችሁ። በአገራችን በቃኝ ያለን እንግዳ ማን አምኖት ያውቃል? በቃኝ ሲል ጨምሩልኝ ማለቱ ነው ተብሎ ሳህኑ ላይ ይከመርበታል፤ እሱም እንዳያስቀይም ብሎ እየተጨነቀ ይውጣል። እመት ቆሮሲትም ጨዋ ዓሣ ነበረችና፣ «እሺ፣ ላንቺ ስል» ብላ ዝም አለች።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም ቀን። እመት አህይት ትደፋለች፣ ትፈገፍጋለች፣ ትሞላለች። ዓሦቹ ግን አካላቸው እየመነመነ፣ ክንፋቸው እየተጠቀለለ፣ አፋቸውን ወደ ውኃው ፊት አውጥተው አየር መሻማት ጀመሩ። ውኃውም ገና ከመሞላቱ ነጣ ብሎ ይደፈርሳል።

«አልበቃቸውም ማለት ነው» አለች እመት አህይት። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ይለወጥ የነበረው ውኃ ጠዋትና ማታ ይለወጥ ጀመር። ጀርባዋ ተልጦ ቆሰለ። ዳገቱ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። አንድ ቀን ማድጋዋን ይዛ ቆማ ዓሦቹን ቁልቁል ስታይ፣ አንዲቱ ትንሽዬ ዓሣ በጎኗ ተንጋዳ ነበር፤ ያኔ ፈራች። የእውነት ፈራች። ክረምቱ ሳይገባ እጄ ላይ ሊያልቁብኝ ነው ብላ ጆሮዎቿን ጥላ አለቀሰች።

ይህን ሁሉ ከገደሉ አናት ሆኖ የሚያይ አንድ ፍጡር ነበር። አያ ቀበሮ። እግሮቹን አነባብሮ ተኝቶ፣ ዓሦቹን ያያል፣ ይመዝናል፣ ምራቁን ይውጣል። እመት አህይት ይህን አላየችም፤ እኔ ግን ስለ እናንተ ብዬ አየሁላችሁ። ቀበሮው ሲያስበው፣ ዓሦቹ አሁን ቢሞቱ ከአጥንት በቀር የሚገኝባቸው ነገር የለም። ትንሽ ሰንብተው ሥጋ ቢያወጡ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ስለዚህ ጅራቱን እየቆላ ወረደ።

«እመት አህይት! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ማንን ብለሽ ነው ራስሽን የምትገድይው?»

«ተወኝ አያ ቀበሮ። እንግዶቼ ሊሞቱብኝ ነው። ውኃ ባመላልስ ባመላልስ አልሆን አለ።»

«ታዲያ ማመላለሱ ቢሆን ነው የሚገድላቸው!» አለ ቀበሮው። «ስሚኝ። እኔ በበጋ ምን ጠጥቼ የምኖር ይመስልሻል? ደረቁን ወንዝ እጭራለሁ። ከአሸዋው ሥር ኩልል ያለ ውኃ ይወጣል። ማን አጠራው? አሸዋው ነው ያጠራው። አንቺም ያንኑ የገንዳውን ውኃ በአሸዋ ውስጥ አሳልፈሽ መልሺው። ማጣሪያ ሥሪ።»

«ያንኑ ቆሻሻ ውኃ? ለእንግዳ?»

«ያንኑ! አሁን ንገሪኝ፣ ቂጡ የተነደለ ማድጋ አለሽ?»

«አለኝ» አለች እመት አህይት አፍራ። «አያ ጅቦ አባሮኝ ስሮጥ ከድንጋይ ጋር ያጋጨሁት።»

«እሱን አምጪ።»

ቀበሮው ያዛል፣ አህያዋ ትሠራለች፤ ይኼ መቼም የተለመደ ነው። መጀመሪያ በማድጋው ሥር፣ በቀዳዳው ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ጠጠሮች ጨመረች፤ አሸዋው ሾልኮ እንዳይወርድ። ከላዩ ከወንዙ ያመጣችውን አሸዋ ታለብሰዋለች፤ ግን እጣቢው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግማ ካጠበችው በኋላ ነው። ከዚያ መብረቅ ከመታው የወይራ ጉቶ ከሰል ለቃቅማ በሰኮናዋ ሰባብራ፣ አቧራውን በውኃ አስለቅቃ አነጠፈችው። በስተመጨረሻ አሮጌ የጭነት ገመዷን በጥርሷ ተርትራ፣ ቃጫውን አፍታታ፣ እንደ ጎጆ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠችው። ትልልቁን ጉድፍ እሱ ይይዛል።

ማድጋውን ከገንዳው ጠርዝ ላይ በድንጋዮች አስደግፋ አቆመችው። ከገንዳው በቅል ጨልፋ ከላይ አፈሰሰች። ጠበቀች። ምንም የለም። ውኃው ሞልቶ በአፉ በኩል ገነፈለ።

«ምን ያህል አሸዋ ነው የጨመርሽው?» አለ ቀበሮው።

«እስከ አንገቱ። እንዳያንስ ብዬ።»

«ወይ አንቺ! ቀንሺው! ለውኃውም መተንፈሻ ተይለት እንጂ!»

ከግማሽ በላይ ዝቅ አድርጋ ቀነሰችው። እንደገና አፈሰሰች። ጥቂት ቆይቶ ከቀዳዳው ሥር ጠብ አለ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ… የጠራ ውኃ እንደ ክር ሆኖ ወደ ገንዳው ወረደ። ዓሦቹ ጠብታው ወዳረፈበት ተሰበሰቡ፤ አየር ይዞላቸው ይወርድ ነበርና።

«ስሚ ደግሞ» አለ ቀበሮው ሊሄድ ሲል። «በመጀመሪያው ሰሞን ውኃው ቢደፈርስ አትደንግጪ። ገንዳውን አትድፊ፣ ግድግዳውን አትፈግፍጊ። የጎደለውን ብቻ፣ ያውም ፀሐይ ላይ አቆይተሽ ለብ ካለ በኋላ፣ ሙይ። የቀረውን ማጣሪያው ይሠራዋል።»

ምክሩ ልክ ነበር። መካሪው ሌላ ነገር አስቦ መከረ እንጂ ምክሩስ ልክ ነበር።

እመት አህይትም በቀን በቀን ከገንዳው እየጨለፈች በማጣሪያው ላይ ታፈስ ጀመር። የመጀመሪያው ሰሞን ጭንቅ ነበር። ውኃው አልጠራ አለ። እግሯ ወደ ምንጩ መንገድ ይነሣባታል፣ ራሷን ትመልሳለች። ቀስ በቀስ ግን ገንዳው ጠራ። ግርጌው ታየ። በጎኗ ተንጋዳ የነበረችው ትንሽ ዓሣ ቀና ብላ ዋኘች። ሰንበት ብሎ ዓሦቹ ይባረሩ፣ ይጫወቱ፣ ወፈር ወፈርም ይሉ ጀመር። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው፣ «እንደምን አደርሽ? ጀርባሽን ተሻለሽ?» ይሏታል። የእውነትም ተሽሏት ነበር። ቁስሉ ደርቆ ጠጉር አበቀለ።

ደስ ብሏት ብትኖር ምን አለበት? ግን የሚሸከመው ያጣ ጀርባ ያሳክካል።

አንድ ቀን ማጣሪያውን ጠጋ ብላ አየችው። ቃጫው ላይ ቡናማ ጭቃ ተጋግሯል። ከሥሩ የሚታዩት ጠጠሮች በሚያሟልጭ ነገር ተለብጠዋል። በከንፈሯ ነካችው፤ ተዝለገለገ። ክው አለች።

«ወይኔ ጉዴ! እንግዳ ያለበት ቤት ይኼ ቆሻሻ! ሰው ቢያይስ ምን ይለኛል?»

«እትዬ አህይት፣ ተይው» አለች እመት ቆሮሲት ከሥር። «ይኼ የሚያሟልጨው ነገር ከመጣ ወዲህ ነው ውኃው የጣፈጠን። እንዲሁ ይበቃናል።»

«ይሉኝታ ይዟችሁ ነው እንጂ! እኔ አላውቃችሁም? በሞቴ፣ እንደ አዲስ ነው የማደርግላችሁ!»

እመት ቆሮሲትም የምታስቀይም መስሏት አፏን ዘጋች። ይኼ ዝምታ ዋጋ ሊያስከፍላት ነበር።

እመት አህይት ወደ አያ ቀበሮ ሄደች። «አያ ቀበሮ፣ ማጣሪያው አደፈ። ልጠበው ወይስ ይቅር?»

ቀበሮው ወደ ገንዳው ቁልቁል አየ። ዓሦቹ ጎናቸው ተነፍቷል። ችግሩ፣ ገንዳው ጥልቅ ነው፣ ጠርዙ ያሟልጫል፣ እሱ ደግሞ እግሩ ከሚረጥብ ጦሙን ቢያድር ይመርጣል። ዓሦቹ ራሳቸው ደክመው ወደ ላይ ካልተንሳፈፉ አይገኙም።

«ይቅር?» አለ ዓይኑን አፍጥጦ። «እንዴት ይቀራል! ሁሉንም ማጠብ ነው እንጂ! ቃጫውን፣ ከሰሉን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩን። በፍል ውኃ ቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አጥንት እስኪመስል ማንጣት። ገንዳውንም ፈግፍጊው።»

ያን ሰሞን አትፈግፍጊ ያለው ራሱ ነበር። እመት አህይት ግን የፈለገችውን ስለነገራት አላስታወሰችም። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ።

«ፍል ውኃው ግን በአያ ጅቦ ዋሻ በኩል ነው» አለች።

«ለዚህማ ራሱን አያ ጅቦን እንልከዋለን። ጅብ በጅብ ዋሻ ቢያልፍ ማን ይነካዋል?»

ይህን ነገር ብታሰላስለው ሆዳምን ጅብ ማመን ስህተት መሆኑ ይገባት ነበር። ግን ልቧ ማጠቡ ላይ ነው፤ እሺ አለች።

አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን እያጨናበሰ መጣ። በቀን ወኔ የለውም። እመት አህይትም ብትሆን የኋላ እግሮቿን ወደ እሱ አዙራ፣ ፊቷን ብቻ በትከሻዋ በኩል መልሳ ነው ያነጋገረችው።

«እንደምን ዋልክ አያ ጅቦ። ማድጋዋ እቻት።»

«እግዜር ይመስገን። ወፍረሻል እኮ» አለ ጅቡ።

«ሥራህን ሥራ!» አለው ቀበሮው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከለት። ጅቡ ፊቱ በራ። ማድጋውን በገመዱ ነክሶ፣ ገደሉን ዞሮ ተሰወረ። እመት አህይት እንደ በፊቱ ገንዳውን መፈግፈግ ልትጀምር ሣሩን ስታነሣ፣ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳታሻሽ፣ ጅቡ እያለከለከ ከች አለ።

«ታጠበ!» አለ።

«በዚህ ፍጥነት?» አለች እመት አህይት።

«እኔ ስሠራ እንዲህ ነኝ» አለና ማድጋውን ድንጋዮቹ ላይ መልሶ፣ ቀበሮውን ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠው። ከዚያም የትም አልሄድም ብሎ ገንዳው ዳር ጋደም አለ። እመት አህይት እሱ እዚያ ተጋድሞ ጀርባዋን ሰጥታ መፈግፈግ ስላልደፈረች ሣሩን ጣለችው። ውኃ አፈሰሰች፤ ከበፊቱም ፈጥኖ ጠብ ጠብ አለ። «አያችሁ? ታጥቦ እንዴት እንደቀለለው!» ብላ ለዓሦቹ ተኩራራችባቸው። ጅቡም ሆዬ፣ ቀበሮው እስኪሄድ ጠብቆ ተነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እመት አህይት ከገደሉ ጀርባ ሣር ስትግጥ፣ ከገንዳው በኩል ጭቅጭቅ ሰማች። ጆሮዎቿን አቀናች። እንዲያ ላሉ ጆሮዎች ደግሞ ሹክሹክታም አያመልጣቸውም፤ ይኼ ግን ጩኸት ነበር።

«የታሉ የተንሳፈፉት?» ይላል ቀበሮው። «እይ! እየዘለሉ ነው! እየጨፈሩብን ነው! በፍል ውኃ አልቀቀልከውም!»

«አጥቤዋለሁ!»

«የት?»

ጅቡ አጉረመረመ። «ልሄድ ነበር። ገደሉን እንደዞርኩ አሰብኩ።»

«አሰብክ? አንተ?»

«አዎ፣ አሰብኩ! እኔ እዚያ ማዶ ጠጠር ስቀቅል፣ አንተ እዚህ ሆነህ ዓሦቹን ብቻህን ልትለቃቅማቸው! የማላውቅህ መሰለህ? ስለዚህ ቃጫውን ብቻ አወጣሁና፣ አህያዋ ከገንዳው ጨልፋ ገደሉ ጀርባ ለሣሩ ማጠጫ ብላ ባስቀመጠችው አሮጌ ውኃ ነከር ነከር አድርጌ፣ ጭቃውን አራግፌ መለስኩት። አሸዋውንና ጠጠሩን ማን ይነካዋል? ዓሣ እየጠበቀኝ!»

ቀበሮው ራሱን ያዘ። «አንተ ከንቱ! ያ የሚያሟልጨው ነገር እኮ ነው የዓሦቹን እድፍ የሚበላላቸው! ድንጋዩ ላይ፣ አሸዋው ላይ የሚኖረው እሱ ነው። በፍል ውኃ ቢያልቅ ውኃው ተመርዞ ዛሬ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይቆዩን ነበር። ጭራሽ በደንቡ ጠርገህላቸው መጣህ! ከዚህ የተሻለ ማጠብ እኔም አላውቅ!»

«እንግዲያው ጎበዝ ነኝ ማለት ነው?» አለ ጅቡ ግራ ገብቶት።

እመት አህይት ከገደሉ ጀርባ ወጣች። ሳትቸኩል፣ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ፣ የኋላ እግሮቿን አመቻችታ ቆመች።

«አያ ጅቦ» አለች፣ «እንግዶቼን ሳታውቀው አዳንክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።» ምስጋናውን አስቀድማ ርግጫውን አስከተለች። ጅቡ ኡኡ እያለ ቁልቁለቱን ተንከባለለ።

«አያ ቀበሮ፣ አንተም ማጣሪያ አስተምረኸኛል። እግዜር ይስጥልኝ።» ጧ! ቀበሮው አየር ላይ ተገልብጦ የአጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እሾሁን ሲለቅም የዋለው እዚያው ነው ይባላል። ዓሣ ግን ከዚያ ወዲህ አላማረውም።

ሁሉ ነገር ጭጭ ሲል እመት አህይት ወደ ገንዳው ተመለሰች። ገንዳው ዳር ተንበርክካ ቁልቁል ተመለከተች። ዓሦቹ አሉ። ሁሉም አሉ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለች። «እጠቡልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ጅቡ ሆዳም ባይሆን ኖሮ በእጄ ገድያችሁ ነበር። ምነው እህቴ ቆሮሲት፣ ምነው አልነገርሽኝም?»

እመት ቆሮሲት ወደ ውኃው ፊት ወጣች። «ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች በቀስታ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይበቃናል ብዬሻለሁ።»

«ጨዋነት ነው ብዬ!»

«ጨዋነትም ነበር፣ እውነትም ነበር።»

 እመት አህይት ቀኑን ሙሉ ስትሸከም የኖረችውን ያን ሁሉ ማድጋ፣ ያን ሁሉ ዳገት አሰበች፤ አንዴ ቆም ብላ ያችን አንዲት ቃል ብትሰማ ኖሮ ባልደከመች። አፈረች፤ ወዲያውም ቀለላት።

«እኛም አጥፍተናል» አለች እመት ቆሮሲት። «በሞቴ ስትይን አፍረን እንተዋለን። ሞት እየመጣብን አሁንም እናፍራለን። ከእንግዲህ አንቺ በሞቴ አትበይን፣ እኛም እያመመን እሺ አንልም።»

«ይሁን» አለች እመት አህይት። «ግን አንድ ጊዜ እንኳ ልበል?»

«አንድ ጊዜም!»

ሁለቱም ሳቁ። ዓሣ ሲስቅ ውኃው ላይ አረፋ ነው የሚታየው፤ አህያ ስትስቅ ግን ሸለቆው ሁሉ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ። እመት አህይት ጠዋት ጠዋት አትደፋም፣ አትፈገፍግም፤ መጀመሪያ ትጠይቃለች። «ዛሬስ እንዴት ነው ውኃው?» ትላለች። «ጥሩ ነው፣ ተይው» ካሏት ትተወዋለች። «ቃጫው ትንሽ ደፍኗል» ካሏት ቃጫውን ብቻ በገንዳው ውኃ ነከር አድርጋ ትመልሰዋለች። ሥራዋ ቀነሰ። የቀረውን ጊዜ ገንዳው ዳር ተኝታ ወሬ ትሰማለች። ዓሣ ይህን ያህል ወሬ እንዳለው ማን ያውቅ ነበር!

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ ተራራውን አንቀጥቅጦ፣ ዝናቡ ወረደ። ወንዙ መጀመሪያ ጨቀየ፣ ከዚያ ሞላ፣ ከዚያ ጠራ። እመት አህይት ማድጋዎቿን አንጠልጥላ ዓሦቹን ከገንዳው ጨለፈች። ቁልቁለቱን ቀስ እያለች ወርዳ ወንዙ ዳር ቆመች።

ወንዙን ግን አየችና ልቧ አልቆረጠም። ወደ ታች ወርዶ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ትልቅ ሐይቅ እንዳለ ሰምታለች። ሁለት ቀን ቢያስኬድ ነው። ሰፊ፣ ጥልቅ፣ በጋ የማይደፍረው።

«እህቴ ቆሮሲት» አለች፣ «ሐይቁ ድረስ ላድርሳችሁ። ጀርባዬ ጤነኛ ነው።»

እመት ቆሮሲት ከማድጋው አፍ ብቅ አለች። ወንዙን አየች፣ አሸተተች።

«እዚህ ይበቃናል» አለች።

የእመት አህይት አፍ ተከፈተ። ያቺ የ«በሞቴ» ቃል ከምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። እግሮቿ ወደ ሐይቁ መንገድ ዞረዋል። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሊለዩዋት ነውና ጥቂት እንኳ፣ ሁለት ቀን እንኳ፣ ተሸክማቸው መቆየት ፈለገች። ግን አፏን መልሳ ዘጋች።

«እሺ» አለች።

ማድጋዎቹን ዘንበል አደረገች። ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ወንዙ ሾለኩ። እመት ቆሮሲት መጨረሻ ላይ ቀርታ አንድ ጊዜ ዞረችና፣

«እትዬ አህይት» አለች፣ «ከዚህ በፊት ብዙ ውኃ ሰጥተሽናል። የዛሬዋን እሺሽን ግን አንረሳትም።» ከዚያ ጅራቷን አወራጭታ ጠለቀች።

እመት አህይት ውኃው ላይ የቀረው ክብ እስኪጠፋ ቆማ አየች። ከዚያ ባዶ ማድጋዎቿን አንጠልጥላ ዳገቱን ጀመረች። ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። ለካስ ባዶ ጀርባም ደስ ይላል ብላ፣ ዝናቡ ውስጥ ጆሮዎቿን እያወዛወዘች ወደ ቤቷ ወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለምንወደው ከመድከማችን በፊት የሚበጀው ምን እንደሆነ ራሱን መጠየቅ፣ በቃኝ ሲለን ደግሞ ማመን እንደሚገባን ነው።